በቀይ ሲባጎ የታሰሩት እሽጎች

«እንኳን ደስ ያለሽ!» ነበር ያለችኝ። መርዶውን የነገረችኝ በምሥራች ድምፅ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቦሌ ሚካኤል ካለችው የማተሚያና የማሸጊያ ሱቃችን ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የሰርግ ካርድ አጥፋለሁ። የደወለችልኝ ኮምፒውተሩ ላይ ዲዛይን የምትሠራው ባልደረባዬ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ በጣም ታንሳለች፣ በአፍ ግን የሚያክላት የለም። የዚያን ቀን አያት፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ የጥንት ዘማቾችን አለባበስና አዋጋግ የሚያሳይ ትዕይንት ስለነበር ፎቶ ላንሳ ብላ ሄዳለች። ሁለታችን ስንት ወር የለፋንበት የጥይት መጠቅለያ ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ የሚወጣው እዚያ ነው።

«ወረቀትሽ ሜዳውን ሞላው! አንዱ በጥርሱ ቦጭቆ እንትፍ ሲለው ብታዪ፣ ሲሪየስሊ፣ ፊልም ነው የሚመስለው። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ።»

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ማጠፌን ቀጠልኩ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ከዚያ ግን ልቤ አላርፍ ብሎኝ፣ «የነጩ ሲባጎ ነው አይደል?» አልኳት።

«ምን?»

«የታሰረበት ሲባጎ። ነጭ ነው ቀይ?»

ከኋላዋ የእምቢልታና የጩኸት ድምፅ ይሰማል። ጎንበስ ስትል ትንፋሿ ስልኩ ውስጥ ገባ። «ቆይ… ቀይ ነው። ሁሉም ቀይ ነው። ምነው?»

ካርዱን አስቀመጥኩት።

ምነው ለሚለው መልስ ትንሽ ወደኋላ መሄድ ይኖርብኛል።

ትዕይንቱን ያዘጋጀው ማኅበር ሰብሳቢ መጀመሪያ ሱቃችን የመጡት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በላስቲክ ደግመው የያዙትን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት። ከአያታቸው የቀረ የጥይት እሽግ ነው። ጥይቶቹ ድሮ አልቀዋል፤ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው፣ እጥፋቱ ግን የጥይቶቹን ቅርጽ እንደያዘ ደርቋል። ያኔ ጥይት በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ነበር የሚመጣው። በላዩ ላይ የየትኛው ጠመንጃ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና ማን እንዳሸገው የሚናገር ምልክት ይለጠፍበታል። ዘማቹ እሽጉን ቀዶ ጥይቱን ወገቡ ላይ ባለው ዝናር ይሰካል፣ ወረቀቱን ይጥላል። ስለዚህ ጠመንጃው ሲተርፍ ወረቀቱ አይተርፍም። የጋሼ ተረፈ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የሚመስለውን አይደለም የምፈልገው። ራሱን ነው። ጥይቱን አናጢ ከእንጨት ይቀርጽልኛል፣ የማይተኩስ ነው፣ አትፍሪ። ሰው ግን እሽጉ ሲቀደድ ድምፁን መስማት አለበት።»

«ጋሼ፣ ይሄማ ስካን አድርጎ ፕሪንት ማድረግ ነው» አለች ባልደረባዬ ከኮምፒውተሯ ሳትነሳ። «ሁለት ቀን።»

ሁለት ቀን! የእሷ ሁለት ቀን ክረምቱን በላው። የማተሚያው ቀለም ያብረቀርቃል፤ የጥንቱ ቀለም ደግሞ ወረቀቱ ውስጥ የሰጠመ፣ የደከመ ነው። የዛሬ ካኪ ወረቀት ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በሻይ ቅጠል ውሃ ነክሬ ሳወጣው ይሸበሸባል፣ ሱቁ በር ላይ ሳሰጣው የመንገዱ አቧራ ይጋግርበታል። ምልክቱን በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት፤ ኮላ ያኔ የት ነበር? ጠዋት ስመጣ በረሮ ልሶት፣ ጠርዝ ጠርዙ ተበልቶ አገኘሁት። እንደገና። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ባልደረባዬ፣ «እህቴ፣ ማንም አይቶ አይለየውም፣ ለምን ራስሽን ትገያለሽ?» ትለኛለች። እኔ ግን ሰው አይለየውም ብዬ ሥራ ትቼ አላውቅም።

ምልክቱ ላይ ያለው ጽሕፈት በዓረብ ፊደል ነው፤ ከባሕር ማዶ በሐረር በኩል የመጣ መሆን አለበት ብለው ነበር ጋሼ። ባልደረባዬ አታነበውም። ስካን ያደረገችውን ስታጸዳ ነጥቦቹን ሁሉ የዝንብ ቆሻሻ መስለዋት አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ንጹሕ አድርጋ አትማ ስታሳየኝ ደንግጬ ነው የተቀመጥኩት።

«ያጠፋሽው እኮ ፊደሉን ነው!»

«ነጥብ ነዋ! እንዴት ላውቅ? የእኛ ፊደል ነጥብ የለውም።»

«ነይ፣ መልሺው። እኔ እያነበብኩ እነግርሻለሁ።»

ያንን ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ከዋናው ወረቀት ላይ አነበብኩላት። የመጀመሪያው መስመር የጠመንጃው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ቁጥር። ሦስተኛው ያሸገው ሰውዬ ስም። እዚያ ስደርስ ቆምኩ። ስሙ የአላህ ባሪያ ከሚሉት ስሞች አንዱ ነው፤ ስሙ ውስጥ የጌታችን ስም አለ።

እኔ ወሎ ነው ያደግኩት፣ ቁርአን የቀራሁት ገጠር ነው። እንጨት ሉህ ላይ በቀለም ተጽፎልን፣ ስንሸመድደው እናጥበዋለን። ያጠብንበትን ውሃ ግን ማንም እንደ እጣቢ መንገድ ላይ አይደፋውም። ሸኻችን ራሳቸው ይዘው ወጥተው፣ እግር የማይረግጠው የዛፍ ሥር ያፈስሱት ነበር። አንድ ጊዜ አንዷ ልጅ ደጃፉ ላይ ደፋችው። አልገረፏትም። ማንንም ሳይናገሩ ያንን የረጠበ አፈር በእጃቸው እያፈሱ ወስደው ዛፉ ሥር አደረጉት። እዚህ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ሰው ወረቀት ሁሉ እየረገጠ ሲሄድ አያለሁ፣ እኔ ግን ያንን አፈር ሲያፍሱ ያየሁባቸው ዓይኖች አሁንም እነዚሁ ናቸው።

ጋሼ ሲመጡ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የፈጣሪ ስም ነው በይኛ!» ወረቀቱን አንስተው ግንባራቸውን አስነኩት። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ አነሳሳቸው ግን ልክ እንደ አባቴ ነበር። «አያቴ ይሄን ተሸክመው ነው በሕይወት የተመለሱት።»

«ስለዚህ ጋሼ፣ ይሄ መቀደድ የለበትም» አልኳቸው። «ይዩ እስቲ፣ ዋናውም አልተቀደደም። ገመዱ ተፈትቶ፣ ከታች በኩል ነው የተከፈተው። የከፈተው ሰው ስሙን አልነካም።»

«ውጊያ ላይ ማን ገመድ ይፈታል? በጥርስ ነው! አባቴ በጥርስ ነው ያሉኝ።»

ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እኔ መላ አመጣሁ። ሁለት ዓይነት እሠራለሁ፤ አንዱ ሙሉውን ጽሕፈት የያዘ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ሰው የሚያየው፣ በቀይ ሲባጎ የሚታሰር። ሌላው ለመቀደድ የሚሆን፣ በነጭ ሲባጎ የሚታሰር፤ በእሱ ላይ ሦስተኛው መስመር አይኖርም። ሌላ ስም ፈጥሬ ልጽፍበት አልፈለግኩም፣ ባዶም ቢተው ሰው ውሸት ነው ይላል። ስለዚህ መስመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም ሻይ በብሩሽ አሳርፌ፣ ውሃ ነክቶት ጽሕፈቱ የጠፋ አስመሰልኩት። በሥራዬ መኩራት አልወድም፣ ያ ግን አምሮልኝ ነበር።

ጋሼ አዩት። አገላበጡት። ፊታቸው አልፈታም።

«ልጄ፣ ውሃ የነካው ባሩድ ተሸክሞ የሚዘምት ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ እንጨት እኮ ነው ውስጡ።»

«ለእኔ እንጨት አይደለም» አሉኝ።

ቢሆንም ተስማሙ። ወይም የተስማሙ መሰለኝ። ካርቶኖቹን ሲረከቡ፣ «ቀዩ ለማየት፣ ነጩ ለመቀደድ» አልኳቸው። «ቀዩ ለማየት፣ ነጩ ለመቀደድ» ብለው ደገሙልኝ፤ ለተሸከሙት ወጣቶችም ደግሜ ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ ምን አደርጋለሁ? ዛሬም አስቤ አስቤ የጎደለውን አላገኘሁትም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ቸልተኛ ሆኜ ቢሆን ራሴን ወቅሼ እገላገል ነበር።

ሱቁን ዘግቼ ራይድ ጠራሁ። በገርጂ አድርገን ሲኤምሲ ስንደርስ መንገዱ ቀጥ አለ።

«ወንድሜ፣ አቋራጭ የለህም?»

«እህቴ፣ አውሮፕላን እኮ አይደለም የያዝኩት። ምን ነው፣ ሰርግ አመለጠሽ?»

«ወረቀት ወድቆብኝ ነው።»

በመስታወቱ አየኝ። «የቤት ካርታ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ይወድቃላ!» ብሎ ሬዲዮውን ጨመረው።

ስደርስ ትዕይንቱ አልቋል። ሜዳው ላይ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ ያነገቡ ሰዎች ከቤተሰብ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ ለስላሳ ይጠጣሉ። ወረቀቱ በየቦታው ነው። ንፋስ አጥሩ ጥግ ያከማቸው አለ፣ ሣር ውስጥ የተጣበቀ አለ፣ የሞቱ ሆነው የተኙት ሰዎች የተኙበት አለ። አንዱን አነሳሁት። ምልክቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ሦስተኛው መስመር ግን ሙሉ ነው፣ በላዩ ላይ የስኒከር ጫማ ሶል ማኅተም አርፎበታል። ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ከባልደረባዬ ጋር አንድ በአንድ የመለስናቸው ነጥቦች።

ነጠላዬን አጥፌ እንደ አቁማዳ አደረግኩትና መልቀም ጀመርኩ።

«እህት፣ ተዪው፣ የጽዳት ሰዎች ይመጣሉ» አለኝ ጎፈር የደፋ ጎረምሳ።

«ለሪሳይክል ነው፤ ኪሎው ስንት ገባ?» አለ ጓደኛው። ሳቁ። ልመልስላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምን ብዬ ነው የምጀምረው? ከሉሁ? ከሸኻችን? እነሱ ቆመው የሚጠብቁት የአንድ ለስላሳ ጊዜ ብቻ ነው።

ባልደረባዬ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። በስልክ ያለችኝን ሁሉ ትታ ዝም ብላ ትለቅማለች። ትንሽ ቆይታ ግን አላስቻላትም።

«አትቆጪና አንድ ነገር ልበል?»

«በይ።»

«ሰውዬው ራሱ እኮ ነው ስሙን የሚቀደድ ወረቀት ላይ የጻፈው። እሱ ካልጨነቀው አንቺን ምን ጨነቀሽ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወር ሙሉ እኔም ስጠይቀው የነበረ ጥያቄ ነው። «እሱ ስሙን ጻፈ» አልኳት፣ «ስሙ ነው፣ ሌላ የለውም። እኔ ግን የእሱን ስም ለጨዋታ ነው የጻፍኩት።» መልሱ ለራሴም ሙሉ አልሆነልኝም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችኝም።

ጋሼ ከሩቅ አይተውን እየሳቁ መጡ። ጃኖ ለብሰዋል፣ ፊታቸው አብርቷል።

«የኔ ልጅ! አየሽልኝ? በጥርስ ሲቀደድ ድምፁን ሰማሽ?»

«ጋሼ፣ ቀዩን ነው የቀደዱት።»

«አዎ!» አሉ፣ እንዳመሰግናቸው እየጠበቁ። «እኔ ነኝ ያደልኩት። ማታ ሳስበው አደርኩ። ውሃ የበላውን ሰጥቼ እንዴት እሰዳቸዋለሁ? ደግሞስ የፈጣሪን ስም የያዘውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ስም የሌለውን ለሚሞቱት? ነውር ነው! ወደ ሞት የሚሄድ ሰው እንደ ክታብ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ለሚሞቱት ልጆች በሙሉ በእጄ፣ አንድ በአንድ፣ ደረታቸው ላይ ነው ያስያዝኳቸው።»

በእጄ ያለውን ሰጠኋቸው። የጫማውን ማኅተም አዩት።

«ደረታቸው ላይማ ጥሩ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላስ?»

የሰውን ፊት እንደዚያ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩም» አሉ።

አያችሁ፣ ችግሬ እዚህ ላይ ነው። ንቀው አድርገውት ቢሆን እናገራቸው ነበር። ረስተውት ቢሆንም እናገራቸው ነበር። አክብረው ነው ያስረገጡት፤ በአክብሮት የመጣ ጥፋት ላይ አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው አጥቶ ሜዳው ላይ ሲዞር ዋለ። ጋሼ ጋሻቸውን አውርደው፣ የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉ። «ይተዉ፣ እኛ እንለቅማለን» ብላቸው፣ «ዝም በይ አንቺ» ብለው ተቆጡኝ። እሳቸው ሲለቅሙ ያዩ ጎፈር የደፉት ጎረምሶችም፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ መልቀም ጀመሩ። እኔ ስለቅም ሪሳይክል ነው ያሉት።

በሩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ያንኑ ወረቀት በቀንድ ቅርጽ እየጠቀለለች ቆሎ ትሰፍርበታለች።

«የኔ እናት፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»

«ሜዳው ላይ ወድቆ፤ የአባት የእናቴ ነው ልልሽ? ወረቀቱ እንዴት ጥሩ መሰለሽ፣ ቀለም አይለቅ፣ አይቀደድ። ልስፈርልሽ?»

ሥራዬን እንደዚያ አድርጎ ያመሰገነ ሰው እስከዛሬ አላገኘሁም። ነገሩን ስነግራት ግን እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «በስመአብ!» አለች። የቀረውን አራግፋ ሰጠችኝ፤ በምትኩ ባልደረባዬ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረ ደብተር ቀደደችላት። የተሸጠው ግን ተሸጧል። ቆሎውን እየቆረጠሙ በታክሲ፣ በባቡር፣ በቤት መኪና የሄዱት ሄደዋል። ከቆሎው ሌላ ደግሞ ለመታሰቢያ ብለው እሽግ ይዘው የሄዱ እንግዶች እንዳሉ ጋሼ ነገሩኝ።

መግሪብን እዚያው አቅራቢያ ሰግጄ ወደ ቤት ተመለስኩ። በማግስቱ ወሎ ለእናቴ ደወልኩ። እዚህ ነገሩን የነገርኩት ሰው ሁሉ፣ «ምን ችግር አለው፣ አስበውበት አይደለም» ነው የሚለኝ፤ ደክሞኛል። እናቴ ግን እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«አንቺ ረግጠሽዋል?» አለችኝ መጀመሪያ።

«አላውቅም፣ እማዬ። ሜዳው ሙሉ ነበር። ሳልረግጥ አልቀርም።»

«አላህ ይማርሽ። ያገኘሽውን ንጹሕ ቦታ አቃጥይ፣ አመዱን ዛፍ ሥር ቅበሪ። ሰውዬውን አታስቀይሚ።»

«ያላገኘሁትንስ?»

«ያላገኘሽውን አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ? የያዘውን ሰው ለምኝው እንጂ።»

ያገኘነውን እንዳለችው አደረግን፤ ጋሼ አብረውኝ ቆመው ነበር፣ ክብሪቱን የጫረችውም ባልደረባዬ ናት። አሁን የቀረው ልመናው ነው፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

እናንተ የዚያን ቀን ቅዳሜ አያት ሜዳው ላይ የነበራችሁ፣ መልካችሁን አላውቀውም፣ ምናልባትም ከናንተ አንዳንዶቻችሁ ጎፈር ደፍታችሁ ሞታችሁልናል። ቡናማ ወረቀት፣ ዳሩ ሻይ የጠጣ፣ በላዩ ላይ ሦስት መስመር የዓረብ ጽሕፈት ያለው ምልክት የተለጠፈበት እጃችሁ ገብቶ ከሆነ እባካችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። እሽጉ እንዳለ ካለ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ የናንተ ነው፣ አልጠይቃችሁም፤ ስትከፍቱት ግን በጥርስ አይሁን፣ ሲባጎውን ፍቱት። የተቀደደ ከሆነ ንጹሕ ቦታ ላይ አቃጥሉትና አመዱን መንገድ ላይ አትድፉት። ማንበብ አይጠበቅባችሁም፣ እኔን ማመንም አይጠበቅባችሁም፤ ሽማግሌውንም እባካችሁ በክፉ አታንሱብኝ። ቆሎ የገዛችሁ ደግሞ የካፖርት ኪሳችሁን ዳብሱ፣ የልጆቻችሁን ቦርሳ ተመልከቱ፣ መኪና ያላችሁ ከመቀመጫው ፊት ያለውን ምንጣፍ አንሥታችሁ እዩልኝ፤ እግር የሚያርፈው እዚያ ነውና።